ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ቁጥርና ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አርፎበታል፣ ቲተሩም ከፊርማው ሥር በወጉ ተመትቷል። ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ያነቡት ነበር። ጊዜው የጥቅምት መጀመሪያ ነው። እኔ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሻይ ቀርቦልኝ ነበር የተቀመጥኩት። የደብዳቤው ዋና አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው በየሥራ ክፍሉ የሚታየው የንብረት አያያዝ ክፍተት ያለበት ሆኖ በመገኘቱና ይህም በቀጣይ ተጠያቂነትን የሚያስከትል በመሆኑ አስፈላጊው ማስተካከያ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲደረግ እና ለተፈጻሚነቱም የበኩላችሁን ድርሻ እንድትወጡ በጥብቅ እናሳስባለን።»

አንደኛው ሰው «ቆጠራ አድርጉ ማለታቸው ነው» አለ። ሁለተኛዋ አልተስማማችም፤ «ቆጠራማ በሰኔ ተደርጓል፤ የጎደለውን ተኩ ነው የሚሉት» አለች። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኦዲተር ሊመጣ ስለሆነ አለቆቹ «እኛ አሳስበን ነበር» ለማለት እንዲመቻቸው የጻፉት ነው ሲል ተረጎመው። አራተኛዋ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ጊዜ የቀራቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ፋይል አድርጉት ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን የሚሰማ ሰው አንድምታ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የሚታወቁት የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖች ስማቸው ከዚህች ከተማ ጋር የተቆራኘ ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያወጣል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። ለቅዱስ መጽሐፍ ይህ የምሁራን ማዕድ ነው። ስለ ወንበርና ኮምፒውተር ለሚናገር ደብዳቤ ግን አራት ሰው፣ አራት «አንድም» እና ግማሽ የሥራ ቀን ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

የተለመደው ምርመራ «ሠራተኛው መጻፍ አይችልም» የሚል ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የሁለት ቀን ሥልጠና በሆቴል አዳራሽ፣ ስለ ውጤታማ ተግባቦት የሚያትት ስላይድ፣ የሻይ ዕረፍት፣ የምስክር ወረቀት። ሥልጠና አልጠላም፤ እኔም ሰጥቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ምርመራው ትክክል አይመስለኝም። ያንን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ለወንድሙ «ነገ ጠዋት አዘዞ ሂድና ሲሚንቶውን ተረከብ፤ አርባ ከረጢት ነው፤ ቆጥረህ ፈርም» ብሎ ይልካል። አንድም የማያስብል መልእክት ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጤፍ የሚሸጥ ገበሬም ስንት እንደሆነ፣ የየት እንደሆነ፣ መቼ እንደተወቃ ሲናገር ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም። ቢሮ ሲገባ የሚጠፋው ችሎታው አይደለም።

የሚጠፋው ባለቤቱ ነው።

በሰዋስው ትምህርት የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ «ባለቤት» እንለዋለን፤ የቤትና የመሬት ጌታንም በዚሁ ቃል እንጠራለን። አጋጣሚው ደስ ይለኛል፤ ድርጊቱን የፈጸመ ለድርጊቱ ይጠየቃልና። የአማርኛ ግስ ደግሞ ባለቤቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ግስ ነው። «ሰበርኩ» ሲባል እኔ አለሁበት፤ «ሰበርሽ» ሲባል አንቺ አለሽበት። ከዚህ ለማምለጥ አንዲት ፊደል ትበቃለች። «ተሰበረ»። ብርጭቆ የሰበረ የአምስት ዓመት ልጅ ይህችን «ተ» ማንም ሳያስተምረው ያገኛታል፦ «ብርጭቆው ተሰበረ»። መሥሪያ ቤቶቻችን ያደረጉት ነገር ቢኖር ይህን የልጅ መከላከያ ወደ መደበኛ የጽሕፈት ሥርዓት ማሳደግ ነው። ተወስኗል። ታምኖበታል። አቅጣጫ ተቀምጧል። ክፍተት ታይቷል። ማን ወሰነ? ማን አመነ? ያስቀመጠውስ ማን ነው?

ያንን ደብዳቤ እንደገና እንየው። ሠላሳ አንድ ቃላት አሉት፤ አራት ነጥቡ አንድ ብቻ ነው። አንባቢው «በመገኘቱና»፣ «በመሆኑ» እያለ ከአንዱ ጥገኛ ሐረግ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዋናውን ግስ ይጠብቃል፤ በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣውና። ሲደርስበት ያገኘው «እናሳስባለን» የሚል ነው። ጸሐፊዎቹ በርግጥ የሠሩት ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ አሳስበዋል። ማስተካከያው ግን «እንዲደረግ» ነው፤ አድራጊ የለውም። «አስፈላጊው» ምን እንደሆነ አልተነገረም። «በአጭር ጊዜ» ነገም ሊሆን ይችላል፣ ሰኔም ሊሆን ይችላል። «የበኩላችሁን ድርሻ» ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የጎረቤቱ ክፍል ድርሻ ነው ብሎ የሚያነበው ቃል ነው።

በኋላ ለሥልጠና እንዲሆነኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «የየክፍሉ ኃላፊዎች በክፍላችሁ ያለውን ኮምፒውተር፣ ወንበርና ጠረጴዛ ቆጥራችሁ እስከ ዓርብ ጥቅምት 20 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በተያያዘው ቅጽ ሞልታችሁ ለንብረት ክፍል አስረክቡ። በሰኔው ቆጠራ ተመዝግቦ አሁን የሌለ ዕቃ ካለ ማን ተረክቦት እንደነበር ጻፉ። ያልገባችሁ ካለ እኔን ጠይቁ።» ከመጀመሪያው እንዲያውም ትንሽ ይረዝማል። ማጠር ዋናው ነገር አይደለም፤ አጭር ደብዳቤ ሁሉ ግልጽ ነው የሚል ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ፣ «አስፈላጊው ይደረግ» የሚለው መመሪያ ግን ሁለት ቃል ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው ደብዳቤ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ የሚቆጠር ዕቃና የሚመሽ ቀን መኖሩ ላይ ነው። «እኔን ጠይቁ» የሚለው ደግሞ የጸሐፊውን አንገት ያወጣል።

የሚፈራውም ይኸው ነው። ቀን የቆረጠ ሰው ቀኑ ሲያልፍ ይጠየቃል። ስም የጠራ ሰው «ለምን እኔን?» ይባላል። «በጥብቅ እናሳስባለን» ያለ ሰው ግን በግምገማ ቀን ቅጂውን አውጥቶ «ይኸው፣ በደብዳቤ አሳውቀናል» ይላል። ለማስፈጸም ሳይሆን ለመከላከል የሚጻፍ ደብዳቤ ግራ የሚያጋባ ቢሆን ጸሐፊው አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቀማል። ለዚህም ነው የቋንቋ ሥልጠና ብቻውን የማያድነው። ሰውየው ግልጽ መጻፍ እንደሚያስቀጣው ያውቃል፣ ድፍን ያለ ደብዳቤ የጻፈ ግን ሲቀጣ አይቶ አያውቅም።

የግልባጩ ዝርዝር የዚሁ ፍርሃት ወንድም ነው። አንድ የስካነር ቀለም ጥያቄ ለስድስት ክፍል ግልባጭ ሲደረግ አይቻለሁ። ስድስቱም አንብበውታል፤ ቀለሙን የገዛ የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ በደብዳቤ ኅዳግ ላይ የሚጻፈው የአለቃ መመሪያ ነው። «ይታይ»፣ «እንደ አሠራሩ ይፈጸም»፣ በተለይም «ያነጋግሩኝ»። ባለጉዳይ ከማክሰኝት ወይም ከቆላድባ ተነሥቶ፣ ማመልከቻ አጽፎ፣ በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቶ፣ ቀን ጠብቆ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ «ያነጋግሩኝ» ተጽፎ ያገኛል። ማመልከቻው እኮ መነጋገሪያው ነበር! እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጉዳይ በርግጥ በቃል ይፈታል፤ የሚያስወቅሰው ንግግሩ አይደለም። ጽሑፉ የሚቆመው «ያነጋግሩኝ» ላይ ነው። ከበሩ ወዲያ የተባለው ነገር ወደ ፋይሉ አይመለስም። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ኃላፊ ፋይሉን ሲገልጥ ውሳኔው የለም፣ ምክንያቱም የለም፣ ባለጉዳዩም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መልስ ያላገኘ ደብዳቤ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማሰብ ጎንደሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የቋራው ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ቆንስሉ ካሜሮን ላከው፤ ለንደን ደረሰ፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ። መልሱ ሲቀር ካሜሮንን አሰሩት፣ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ፤ ነገሩ ተካርሮ እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ጦርነቱን የወለደው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ማለት የዋህነት ነው፤ ብዙ ሌላ ነገር አለበት። የሚደንቀኝ ግን ያ ደብዳቤ በታላቅ መንግሥት ቢሮ ውስጥ «መልስ የመስጠት ኃላፊነቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ማጣቱ ነው። ከዚህ የባሰ መዝገብ ቤት አለ ለማለት ይከብዳል።

በግል ድርጅቶች ችግሩ መልኩን ይቀይራል፤ እዚያ የሚበዛው ደብዳቤ ሳይሆን ቃል ነው። በጥምቀት ሰሞን የከተማው ሆቴሎች ተጨማሪ አስተናጋጅና አልጋ አንጣፊ ይቀጥራሉ። ቅጥሩ በስልክ ነው፣ ደመወዙ በቃል ነው፣ ማስጠንቀቂያውም በኩሽና በር ላይ በሚወረወር ቃል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ወረቀት የሚጠይቅባቸው ቦታዎች አሉ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግበት ነው፣ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት በጽሑፍ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት፤ በስድስት ወር በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረም እንዲሁ።

አሁን አንድ ሥራ አስኪያጅ እናስብ። አስተናጋጁን ስለ ማርፈዱ አሥር ጊዜ ተቆጥቶታል፤ ሁሉም ሠራተኛ ሰምቷል። በአሥራ አንደኛው ቀን «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ይለዋል። በልቡ ትክክል ነው፤ ታግሦ ታግሦ ነው። የሥራ ክርክር ችሎት ፊት ሲቆም ግን አሥሩ ቁጣ በአየር ላይ ቀርቷል፤ በሕግ ዓይን ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም። አስተናጋጁም በበኩሉ በአፍ የተነገረው ደመወዝ ስንት እንደነበር ማስረዳት ሲያቅተው ይኸው ዕጣ ይደርሰዋል። «ቀኑ ይህ ነው፣ ያረፈድከው ይህን ያህል ደቂቃ ነው፣ ይህ ሁለተኛው ነው» የሚል የሦስት መስመር ወረቀት፣ ሠራተኛው ፈርሞ የሚቀበለው፣ ሁለቱንም ያድን ነበር። እኛ ግን በሰው ላይ ወረቀት መጻፍን እንደ ጠላትነት እናየዋለን። «ወረቀት ጻፈብኝ» የሚለው አባባል ራሱ ክስ ነው። ተቆጥቶ መርሳት የደግ ሰው ጠባይ ተደርጎ ይቆጠራል፣ እስከ ስንብቱ ቀን ድረስ።

ወደ ንግግር እንለፍ።

በሥራ ቦታ ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ አደገኛው «እሺ» ይመስለኛል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል፤ ያለ ምክንያት አልተባለም፤ እሺ ባይ ሰው ይወደዳል። ግን «እሺ» ሰምቻለሁ ነው? ተስማምቻለሁ ነው? አደርገዋለሁ ነው? ወይስ አሁን ልቀቀኝ ነው? አለቃው ሦስተኛውን ሰምቶ ይሄዳል፣ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ተናግሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የዚሁ ቃል ዘመድ ነበር። ገና የመነሣት ፈቃድ ያልተሰጠው አብራሪ እየተነሣ መሆኑን ሊገልጽ የፈለገበትን አሻሚ ሐረግ ተናገረ፤ የማማው ተቆጣጣሪ «ኦኬ» ብሎ ጀመረ፤ «ጠብቅ» የሚለው ቀጣዩ ቃል በሬዲዮ መደራረብ ተዋጠ። ከዚያ ወዲህ በአቪዬሽን ዓለም የተወሰኑ ሐረጎችን ብቻ መጠቀምና የተሰጠን ትእዛዝ ቃል በቃል መልሶ መናገር ይበልጥ ተጠናከረ። አዘዞ የሚያርፈው አውሮፕላን አብራሪም ለማማው «እሺ» ብሎ አያልፍም፤ የተሰጠውን ፈቃድ ይደግመዋል።

በሆስፒታልም ተመሳሳይ ልማድ አለ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን የቆየች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ምሳሌው ለብዙ ቤተሰብ ቅርብ ነው። ሌሊት ነው፤ ነርሷ ተረኛውን ሐኪም በስልክ ትቀሰቅሳለች። «ዶክተር፣ ስድስት ቁጥር ላይ ያሉት እናት ትንሽ ደከም ብለዋል» ብትል ሐኪሙ ምን ይሰማል? ደከም ማለት ምን ያህል ነው? በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተጀምሮ ወደ ሕክምና የገባ ባለአራት እርከን አነጋገር አለ፤ ኤስባር ይሉታል። አሁን የሆነው ምንድን ነው፣ የበሽተኛው ታሪክ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። «የስድስት ቁጥሯ እናት ደም ግፊታቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ከነበረው ወርዷል፤ ትናንት የወለዱ ናቸው፤ ደም እየፈሰሳቸው ይመስለኛል፤ አሁኑኑ መጥተህ እንድታያቸው እፈልጋለሁ።»

በዚህ ውስጥ ለእኛ የሚከብደው አራተኛው ነው። «እፈልጋለሁ» የሚለውን ታናሽ ለታላቅ፣ ነርስ ለሐኪም፣ ፀሐፊ ለሥራ አስኪያጅ አፍ ሞልቶ አይናገረውም። ይሉኝታ አለ፣ ማክበር አለ። ጎንደር ላይ ደግሞ በዕድሜ የገፉትን «አንቱ» ማለት ገና አልተረሳም። ወጣት የክፍል ኃላፊ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሠራተኛ «አንቱ» እያለ «ይህን ሪፖርት ተሳስተውበታል» ማለት እንዴት ይሁንለት? ብዙዎች መፍትሔው ማክበሩን መተው የሚመስላቸው አሉ፤ ሁሉም ሰው በአንተና በአንቺ ይነጋገር ይላሉ። እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። «አንቱ» ማለት ስሕተትን ከመናገር አያግድም፤ «እማማ፣ የሦስተኛው ረድፍ ድምር አልገጠመልኝም፤ አብረውኝ ይዩት» የሚል ሰው አክብሯልም፣ ነግሯልም። የሚያግደው ለመናገር የማይመች ነገር ሲኖር ወደ ድፍኑ መሸሽ ነው። ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሠራተኞች ሪፖርት ላይ ክፍተት ይታይባቸዋል» ተብሎ ይነገራል። እሳቸው ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስላቸዋል፤ ምንም ያላጠፉት ሌሎች አሥር ሰዎች ደግሞ ስለ እኔ ነው ብለው ሲብሰለሰሉ ያድራሉ።

ቃልን መልሶ ማስባል ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት መምህር ተማሪው የሰማውን መልሶ ሳያሰማው ወደሚቀጥለው አያሻግረውም። የኔታ ፊት «እሺ» ብሎ መነሣት የለም። ይህ ሥርዓት በቢሮ ስብሰባ ማብቂያ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው ምን ያህል ነገር በቀና ነበር! የእኛ ስብሰባ የሚያበቃው «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ነው፤ ዋናው ነገር ሁሉ እዚያ ይነሣል፣ ሰዓቱ ግን አልቋል። ቃለ ጉባኤው በማግስቱ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» ይላል። ባለቤት የለም፣ ቀን የለም። ቃለ ጉባኤ ያዡ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አውጥቶ «ይህን ማን ይሠራዋል ብዬ ልጻፍ?» ቢል ስብሰባው ይደነግጣል። አንድ ወዳጄ ይህን ማለት ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ቃለ ጉባኤ ከመያዝ አሳርፈውት ነበር። አሁን መልሰውታል፤ የሚጻፍላቸው ስም ስላገኙ ይሁን ወይም ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ አላውቅም።

ቀላል የሚመስሉ ግን ብዙ የሚያስከፍሉ ሦስት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ለሥራ የመጣ እንግዳ ቲኬቱ ላይ 10፡00 የሚል አይቶ ለሾፌሩ «በ10 ሰዓት ውሰደኝ» ይለዋል፤ ሾፌሩ በሀገሩ አቆጣጠር ሲመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ቢባል ያበቃ ነበር። ቀንም እንደዚሁ ነው፤ 05/02 ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ ለእኛ ጥቅምት 5 ነው፣ ከውጭ ድርጅት ጋር ለሚሠራው ሰው ግን ጥር 28 ገደማ ሊሆን ይችላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሆኖም በድሮው የፓወር ግእዝ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ሰነድ ዛሬም ከቢሮ ወደ ቢሮ ይላካል፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈትም የላቲን ፊደላት ቁርጥራጭ ይሆናል። በዚህ ላይ ሞክሼ ፊደላቱ አሉ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» እያፈራረቁ በትንሹ ስድስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። ለሰው ዓይን ስድስቱም አንድ ሴት ናቸው፤ ለኮምፒውተር ስድስት ሴቶች ናቸው። ደመወዝ መክፈያው ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ደብተሩ ላይ ሌላ ዓይነት የሆነባት ሴት ስንት ቀን እንደምትመላለስ የሚያውቅ ያውቃል። የትኛው ፊደል ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተው፤ ቢሮው ግን አንዱን መርጦ በሁሉም መዝገቡ ላይ ቢጸናበት ይበቃል።

ሦስተኛው ቴሌግራም ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት አሁን የሚሠራው በቴሌግራም ቡድን ነው፤ ፈጣን ነው፣ ወረቀት ይቆጥባል። ነገር ግን የስብሰባ ጥሪ፣ የልደት መልካም ምኞት፣ የለቅሶ መርዶና የበጀት ውሳኔ በአንድ ክር ላይ ይሰለፋሉ። ማታ በ3 ሰዓት የተላለፈ መመሪያ እስኪነጋ ከሃያ «እሺ» እና ከአርባ የአውራ ጣት ምልክት ሥር ተቀብሯል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ውሳኔው ሁሉ በስልክ ውስጥ የቀረበት ቢሮ ምን ወስኖ እንደነበር ማየት አልቻለም። በዚያን ጊዜ የማስታወቂያ ሰሌዳው እንደገና ሰው ይሰበሰብበት ጀመር። ወረቀትና መርፌ ቁልፍ፣ በሩ አጠገብ። የሚገርመው፣ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ከቴሌግራሙ ይልቅ የተሻለ ታስቦባቸው የተጻፉ ነበሩ፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ነው የሚያነበው።

ወደዚያ የጥቅምት ደብዳቤ ልመለስ። ሻዬን ጨርሼ ልነሣ ስል የመዝገብ ቤቷ እናት ስልኩን አነሡ። ደብዳቤውን ወደጻፈው ቢሮ ደውለው፣ የእግዚአብሔር ሰላምታ ሰጥተው፣ የቤተሰብ ጤንነት ጠይቀው፣ ከዚያ በቀጥታ «ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ ምን አድርጉ ነው የሚለን?» አሉ። በዚያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለ፦ «እኛም ከላይ እንደወረደልን ነው የጻፍነው፤ ቁጥሩን ብቻ ቀይረን።» ከላይ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ስሙን ነገራቸው። ያንን ቁጥር ደወሉ። አንዲት ፀሐፊ አንሥታ በትሕትና ኃላፊው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ነገረቻቸው።